የጋራ ፕሮፖዛል ዕቅድ፦ መልእክቱን ማን ይይዘዋል፣ ማንስ ይለቀዋል?

አስተባባሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቁ ላይ አምስት አርኤንኤ ያዥ ፕሮቲኖች ገብተዋል። በእኔ እምነት በዝቷል። አንድ ጥያቄ ብቻ እንያዝ። መልእክተኛ አርኤንኤው (የጂኑን የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚያደርሰው ቅጂ) መንገድ ላይ እያለ ፕሮቲን እንዳይሠራበት የሚከለክለው ምንድን ነው? ሲደርስስ ማን ይፈታዋል?

የባዮኬሚስትሪ ቡድን፦ እንስማማለን። እንግዲያው ከአምስቱ ዜድቢፒ1 የተባለው ፕሮቲን ይሁን። የቤታ አክቲን (የሴሉን ቅርጽና እንቅስቃሴ የሚደግፍ ፕሮቲን) መልእክት ጭራ ላይ 54 ፊደላት ያሉት ዚፕኮድ የሚባል ምልክት አለ። ዜድቢፒ1 ይህን ይዞ ወደ ሴሉ ጠርዝ ይሄዳል። እስኪደርስም ራይቦዞም (መልእክቱን አንብቦ ፕሮቲን የሚሠራው የሴሉ ማሽን) ሥራ እንዳይጀምር ያግዳል። ጠርዙ ጋ ሳርክ የተባለው ኤንዛይም የዜድቢፒ1 396ኛ አሚኖ አሲድ የሆነው ታይሮሲን ላይ ፎስፌት ይለጥፍበታል። ያኔ መልእክቱን ይለቃል፤ አክቲንም እዚያው ይሠራል። ይህ በ2005 ታይቷል። ማሰሪያውም መፍቻውም የታወቀ ጥንድ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

የነርቭ ጥናት ቡድን፦ ረቂቁ ላይ ያለውን ሌላውን አርኤንኤ ያዥ ፕሮቲን፣ ኤፍኤምአርፒን፣ ግን አታውጡብን። በፍራጃይል ኤክስ (የአእምሮ እድገትን የሚጎዳ በዘር የሚተላለፍ ሕመም) ሲጂጂ የሚባሉት ሦስት የዲኤንኤ ፊደላት ድግግሞሽ ከ200 ሲያልፍ ኤፍኤምአርፒን የሚሠራው ጂን ይዘጋል፣ ኤፍኤምአርፒም ይጠፋል። ከዚህ ሕመም ጋር የሚኖሩ ልጆች አሉ። ለእኛ የሥራው ትርጉም እነሱ ናቸው።

የባዮኬሚስትሪ ቡድን፦ ይገባናል። ችግሩ ኤፍኤምአርፒ በመቶዎች የሚቆጠሩ መልእክቶችን ይይዛል። ለውጥ ብናይ የትኛው እንዳመጣው መለየት ከባድ ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ይግባ።

የምስል ቡድን፦ እኛን ያሳሰበን ዘዴው ነው። አዲስ የተሠራ ፕሮቲንን ለማየት ረቂቁ ፒዩሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት እንጠቀም ይላል። ፒዩሮማይሲን ግን ያላለቀውን የፕሮቲን ሰንሰለት ከራይቦዞሙ ይነቅለዋል። የተነቀለው ደግሞ ባለበት አይቆይም፤ ይንሳፈፋል። “የት ተሠራ?” ብሎ ለሚጠይቅ ጥናት ይህ አያስኬድም። ሰንታግ የተባለው የምልክት ዘዴ ይሻላል፤ ከራይቦዞሙ ገና እየወጣ ያለውን ሰንሰለት ያበራል። መልእክቱን በሌላ ቀለም እናሳየዋለን። ሁለቱ ቀለሞች አንድ ነጥብ ላይ ከተገናኙ ሥራው እዚያው እየተካሄደ ነው። የሰንታጉ ምልክት ረጅም ስለሆነ መልእክቱን እንዳያውክ ማረጋገጫ ይጨመር።

የባዮኬሚስትሪ ቡድን፦ ጥሩ። በዚያ ላይ 396ኛው ታይሮሲን በሌላ አሚኖ አሲድ፣ በፌኒልአላኒን፣ የተተካበት ዜድቢፒ1 እናዘጋጃለን። ፎስፌት አይቀበልም። ግምታችን ልክ ከሆነ መልእክቱ ይደርሳል፣ ግን ዝም ይላል። የሚደርሰው መልእክት ራሱ ከቀነሰ ግን የለካነው ጉዞውን ነው፤ እገዳውን አይደለም። ይህን ልዩነት ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ እንጻፈው።

የነርቭ ጥናት ቡድን፦ ተቀብለናል፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። የምንሠራባቸው ሴሎች ከመጀመሪያው ኒውሮን (የነርቭ ሴል) ይሁኑ። በፋይብሮብላስት (የአገናኝ ሕብረ ሕዋስ ሴል) ከጀመርን ኤፍኤምአርፒ ጋ ስንደርስ ሁሉንም እንደ አዲስ ማስተካከል ይኖርብናል።

አስተባባሪ፦ ይሁን፣ ኒውሮን። የምስል ቡድን የዘዴውን ክፍል እንደገና ይጻፍልን። ሌላውን እኔ አስተካክዬ እልክላችኋለሁ።