የበሽተኛ ጥየቃ ተራ ልናወጣ ነው፦ ሌሊቱንና ሰንበትን እንዴት እንያዘው?

ላይ ቀጨኔ

ሰላም ለሁላችሁ። ከቀጨኔ በላይ፣ እንጦጦ ግርጌ ያለን የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ቢኩር ሖሊም (የበሽተኛ ጠያቂዎች ማኅበር) ለማቋቋም ተስማምተናል። ለለቅሶ እድር አለን። ለበሽተኛ ግን እስካሁን ሁሉም በየፊናው ነው፤ እሁድ አልጋው ዙሪያ ሃያ ሰው ይቆማል፣ ማክሰኞ ሌሊት ውኃ የሚያቀብል ይጠፋል። አሁን አንዲት በሰማንያዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ዳሌያቸው ተሰብሮ ተኝተዋል፤ ኦፕሬሽን እየጠበቁ ነው። ልጆቻቸው እስራኤል ናቸው። አሥራ አንድ ሰው ተመዝግቧል፣ ሰባቱ ሴቶች።

ተራውን እንዴት እንደልድለው? ዓርብ ማታና ቅዳሜ ምን ይፈቀዳል፣ ምንስ አስቀድሞ ይዘጋጅ? ምግብስ? ከሆስፒታል ሲወጡ ቤታቸው ያለው አቀበት ላይ ነው፣ መኪና አይደርስም። የሠራችሁበት ሰዎች በዝርዝር ብትነግሩን።

ተረኛ ከሽሮ ሜዳ

ሌሊቱን መጀመሪያ ሙሉት፣ ቀኑ ራሱ ይሞላል።

ሦስት ፈረቃ የሚሏችሁን አትስሙ። ማታ 4 ሰዓት ላይ ከእናንተ ሰፈር ታክሲ ማግኘት ጭንቅ ነው፤ ተተኪው ሲቀር የቀኑ ተረኛ ሳይበላ ያድራል፣ በሳምንቱ ደግሞ ከዝርዝሩ ይወጣል። ሁለት ፈረቃ ይበቃል፤ ከጠዋቱ 2 እስከ ቀኑ 11፣ ከ11 እስከ ጠዋቱ 2። አንድ ሰው ሁለት ሌሊት አከታትሎ አይደር። በሁለተኛው ሌሊት እንቅልፍ ይጥለዋል፣ በሽተኛዋም እስኪነጋ በአንድ ጎን ተኝተው ይቀራሉ።

ሰባት ሴቶች መኖራቸው ጥሩ ነው፤ የሴቶች ክፍል ውስጥ ወንድ አስታማሚ አያሳድሩም። ሴቶቹ ሌሊቱን ሲይዙ ወንዶቹ መድኃኒት መግዛቱን፣ ላብራቶሪ ማመላለሱን፣ ምግብ ማድረሱን ይያዙ። ቢያንስ ሁለት ሴቶች ተጠባባቂ ሆነው ይቅሩ፣ የሚታመም ልጅ ያላት እናት አትጠፋምና። ይህ ማለት አምስት ሰው ብቻ ለሰባት ሌሊት ነው፣ ስለዚህ ከጎረቤት ክርስቲያኖችም ለመጠየቅ አትፈሩ። ደስ ብሏቸው ነው የሚያድሩት፤ ሰንበት ላይ ደግሞ ትልቅ እረፍት ይሆኑላችኋል።

ለአንድ አልጋ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የአስታማሚ ባጅ ነው የሚሰጠው። ባጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ የሄደ ሰው ተተኪውን በር ላይ ያስቆመዋል። የሚወጣው ተረኛ በር ድረስ ወርዶ ባጁን ለሚገባው ያቀብል ብላችሁ ወስኑ።

በር ላይ ለወሬ ጊዜ ስለማይኖር የአልጋ ደብተር ያስፈልጋችኋል። አንድ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር፣ እስክሪብቶው ሽቦው ላይ በክር የታሰረ (ካልታሰረ በአንድ ቀን ይጠፋል)። ሰዓቱ፣ የተኙበት ጎን፣ የጠጡት፣ የሽንቱ መጠን፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ ሐኪሙ ያለው። ዙር ላይ ሐኪሙ «ትናንት ስንት ጠጡ?» ሲል መልሱ ተጽፎ ይገኛል።

ስለ ገንዘብ፦ ተረኛው ከኪሱ አይክፈል። አንድ ገንዘብ ያዥ ይኑር፣ ደረሰኝ ሁሉ ደብተሩ ጀርባ በፖስታ ይቀመጥ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ካላቸው የዘመኑ መዋጮ መከፈሉንና ከጤና ጣቢያው የተጻፈው ሪፈር ወረቀት መኖሩን ዛሬውኑ አረጋግጡ። ካርዱ ካልታደሰ ወይም ሪፈሩ ከጠፋ፣ ሒሳቡ መውጫ ቀን ላይ ነው ዱብ የሚለው።

ሲስተር ከጉለሌ

የተሰበረ ዳሌ ላይ ሁሉም እግሩን ያያል። እማማን ግን መተኛቱ ራሱ ሊጎዳቸው ይችላል፣ አስታማሚ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

የአልጋ ቁስል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። በየሁለት ሰዓቱ ጎን ይለወጥ፤ ሙሉ በሙሉ በጎን ሳይሆን ከጀርባ ትራስ ገብቶ ወደ 30 ዲግሪ ብቻ ዘንበል ይበሉ፣ ምክንያቱም ሙሉ ጎን ከሆነ ክብደቱ የዳሌው አጥንት ጫፍ ላይ ያርፋል። አሁን ከኦፕሬሽን በፊት እግራቸው በክብደት የተሳበ ከሆነ ግን ራሳችሁ አታገላብጡ። ነርሷን ጠርታችሁ፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ፣ በስር በተነጠፈው አንሶላ ወገባቸውን ከፍ አድርጋችሁ ለጥቂት ጊዜ ከፍራሹ ታላቅቃላችሁ። መጎተት አይቻልም፤ የአረጋዊ ቆዳ በመጎተት ይላጣል።

ተረከዝ ይረሳል። ጋቢ አጥፋችሁ ከባቱ ስር፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት አስገቡ፤ ተረከዙ አየር ላይ ይንሳፈፍ። በተረከዙና በፍራሹ መሐል መዳፋችሁ ማለፍ አለበት።

በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት እምብዛም አይታይም፣ ስለዚህ «አልቀላም» ብላችሁ አትለፉ። በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። ከአካባቢው የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም ጠቆር ያለ ቦታ ካገኛችሁ መጀመሩ ነው፤ ለነርስ ንገሩ፣ በዚያም ጎን አታስተኙ። አሹት የሚሏችሁን እምቢ በሉ፤ ከሥር የተጎዳውን ሥጋ ይብሱን ያደቅቀዋል። ቅቤም፣ ስፕሪትም አይቀባ። መሐሉ ቀዳዳ የሆነ ክብ ትራስም አይጠቅምም፣ ዙሪያውን ደም ያግዳል።

አመጋገብ። ሐኪሙ ከፈቀደው ልክ ቀና አድርጋችሁ፣ አገጭ ወደ ደረት ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሻይ ማንኪያ። አንዱ መዋጡን አይታችሁ ሁለተኛውን። ድምፃቸው ውኃ የያዘ ከመሰለ ወይም ካሳላቸው አቁሙ፤ ምግቡ ወደ ሳንባ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ከበሉ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይተኙ ይቆዩ። ያንቀላፋ ሰው አይመገብም፣ «ትንሽ እንኳ ይቅመሱ» ተብሎም ቢሆን።

በኦፕሬሽን ዋዜማ ደግሞ ትልቁ ችግር ጠያቂ ነው። ነርሷ ምንም በአፍ እንዳይገባ ብላ ሄዳለች፣ አንድ ዘመድ ብርቱካን ልጦ ያጎርሳል፣ ቀዶ ጥገናው ይሰረዛል፣ ወረፋው እንደገና ይጀመራል። ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ በማደንዘዣ ጊዜ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ነው የሚከለከለው። በትልቁ ጽፋችሁ ራስጌያቸው ላይ ለጥፉ።

አረጋውያኖቻችን ሕመም አይናገሩም። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሱ። ሲያንቀሳቅሷቸው ፊታቸውን ተመልከቱ፤ ከተኮማተረ ወይም እጃችሁን ጨምድደው ከያዙ ሕመሙ አለ፣ ማስታገሻ ይጠየቅላቸው።

ማታ ማታ ቀኑን ካሳቱ፣ የሞተ ዘመድ ከጠሩ ወይም ጉሉኮሱን ከነቀሉ «አበዱ» ወይም «ክፉ መንፈስ ነው» አትበሉ። ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ የሽንት መዘጋት፣ መድኃኒት ሁሉ ያመጣዋል፤ ለሐኪም ይነገር። እስከዚያ መነጽራቸውን አድርጉላቸው፣ የሚያውቁት ሰው ይቀመጥ፣ ቦታውንና ቀኑን በእርጋታ ንገሯቸው። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሻቸው ድንገት ካጠረ ደግሞ ነርስ ወዲያው ይጠራ፣ እስኪነጋ አይጠበቅም።

የኦሪት ደቀ መዝሙር

ስለ ጥየቃው ሕግ ጥቂት ልጨምር። በታልሙድ (የአይሁድ ሊቃውንት የሕግ መጽሐፍ) እንደተጻፈው ረቢ ዓቂባ ማንም ያልጠየቀው ደቀ መዝሙራቸው ዘንድ ሲገቡ ወለሉ ተጠርጎ ውኃ ተረጨ፣ ታማሚውም በዚያ ዳነ። ስለዚህ ገብቶ «እግዜር ይማርሽ» ብቻ ብሎ መውጣት በእኛ ዘንድ ጥየቃ አይሞላም፤ የጎደለውን አይቶ ማሟላትና መጸለይ ነው። ቅርብ ዘመድ ወዲያው ይገባል፣ ሩቅ የሆነ ሦስት ቀን ይቆያል። መናገር ለሚከብደው ደጅ ተቁሞ ለአስታማሚው ምን እንደጎደለ ይጠየቃል እንጂ አልጋው ዙሪያ አይከበብም። የእሁዱን ሃያ ሰው በዚህ መልሱት።

በቀኑ መጀመሪያ ሦስት ሰዓትና በመጨረሻው ሦስት ሰዓት አይጠየቅም። የእኛ ሰዓት ከንጋት ስለሚነሣ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከጠዋቱ 3 በፊትና ከቀኑ 9 በኋላ ማለት ነው። የሕግ ሊቁ ራምባም ምክንያቱን ሲሰጥ በእነዚያ ሰዓቶች አስታማሚዎች በታማሚው ሥራ ላይ ናቸው ይላል። ጠያቂን እንጂ ተረኛን አይመለከትም። የሆስፒታሉ የጥየቃ ሰዓት በዚያ ብቻ ከሆነ ግን በዚያው ግቡ፣ ብቻዋን ከመተው ይሻላል።

ሰንበት። ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲመጣ ሰንበት ይሻራል፤ «በእነርሱ ይኖራል» ተብሏል (ዘሌዋውያን 18፥5)። ስልክ መደወል፣ ታክሲ መሳፈር፣ መድኃኒት መግዛት፣ ሁሉም። አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም፣ መዘግየቱ ነው ጥፋቱ። አደጋ ሳይኖር ለታመመ ሰው የሚያስፈልግ፣ ለምሳሌ ምግብ ማሞቅ፣ በክርስቲያን ጎረቤት ወይም በክፍሉ ሠራተኛ በኩል ይደረጋል።

ስለዚህ የሰንበት ተረኛ ዓርብ ከ11 ሰዓት በፊት ገብታ ቅዳሜ ኮከብ እስኪታይ ትቆያለች። ከ25 ሰዓት በላይ ስለሆነ ሁለት ይሁኑ፣ ሁለተኛዋ በእግር መድረስ የምትችል፣ አጠገብ የምታድር። ዓርብ ጠዋት ነርሷን «እስከ እሁድ የሚያስፈልግ ምን አለ?» ብላችሁ ጓንቱን፣ መርፌውን፣ መድኃኒቱን ግዙ። መውጫቸው ቅዳሜ እንዳይውል ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩ፤ ፊርማና ክፍያ አለበትና።

የሰንበት ሻማ በፍጹም አይበራም። ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት ማለት ቃጠሎ ነው። ማብራት ለምትፈልግ ትንሽ የባትሪ መብራት ከምሽቱ በፊት በርቶ ይቀመጥ። በአያቶቻችን ሥርዓት ደግሞ ሰንበት ሲገባ እሳት ይጠፋ ነበር እንጂ ሻማ አይበራም፣ ስለዚህ ማንም ጎደለኝ አይበል።

ምግብ፦ የሆስፒታሉን ሥጋ ትተዋላችሁ፤ ሳህንና ማንኪያ ከቤት። ለሰንበት ዳቦ፣ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ሳይላጥ የተቀቀለ እንቁላል። በፔርሙዝ የፈላ ውኃ ይሂድ፣ አጥሚት ግን አይደር። ለብ ብሎ የቆየ ገንፎና አጥሚት በሰዓታት ይበላሻል፣ ለደከመ ሰው ተቅማጥ አደጋ ነው።

ላይ ቀጨኔ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ብዙ ተማርን። ሁለት ነገር ብቻ፦ ሕክምናው ረዝሞ ፋሲካና አስተስርዮ (የስርየት ጾም ቀን) ቢደርስ ምን እናድርግ? ደግሞ ዳዊት ተከፋፍለን ልንደግምላቸው አስበን አንዱ የሚያነበው ከሌላው አልገጠመም።

የኦሪት ደቀ መዝሙር

የአጃና የገብስ አጥሚት በፋሲካ እርሾ ነው፣ አይሆንም። ቡላ ከእንሰት ስለሚወጣ እህል አይደለም፤ የቡላ አጥሚት ሊተካው ይችላል። ግን ገበያ ላይ ዱቄት የተቀላቀለበት ስላለ ቀድማችሁ ንጹሑን ለዩ፣ ቄሳችሁንም ጠይቁ።

በአስተስርዮ ሐኪሙ ጾሙ ይጎዳቸዋል ካለ አይጾሙም። በጥቂቱ የሚበቃቸው ከሆነ በየ9 ደቂቃው ከ30 ሚሊ ሊትር በታች፣ ማለትም ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ያነሰ ይሰጣል። ካልበቃቸው እንደ ማንኛውም ቀን ይብሉ። «ልጹም» ብለው ቢለምኑ ቄሱ ራሱ መጥቶ ብሉ ይበላቸው፣ ከእናንተ ይልቅ እርሱን ይሰማሉ።

የዳዊቱ ነገር ቁጥሩ ነው። የግዕዙ ዳዊት 9ኛውንና 10ኛውን አንድ ስለሚያደርግ ከዚያ በኋላ አብዛኛው ከዕብራይስጡ በአንድ ያንሳል። ለታመመ የሚደገሙት 20፣ 23፣ 121 እና 130 በግዕዙ 19፣ 22፣ 120 እና 129 ናቸው። በቁጥር ሳይሆን በመነሻው ተካፈሉ፤ «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ» ብሎ የጻፈ አይሳሳትም። ስማቸውን ከእናታቸው ስም ጋር ጽፋችሁ ለደጋሚው ስጡ።

የቤት ለቤት

ስለ መውጫው ቀን፣ ማንም ስላልነካው። አቀበቱን በሸክም ነው የምትወጡት፤ አራት ሰው፣ ቃሬዛ፣ ራሳቸው ወደ አቀበቱ አቅጣጫ። መንገዱን አንድ ቀን ቀድማችሁ ሂዱበት፣ የላላ ድንጋይ አንሡ፣ ዝናብ ከዘነበ ጠብቁ። ለወደፊትም አምቡላንስ የሚቆምበትን የአስፋልት ቦታ ወስናችሁ ለጎረቤት ሁሉ ንገሩ። 907 ስትደውሉ የሚታወቅ ምልክት ተናገሩ፣ አንድ ልጅ እዚያ ቆሞ ይጠብቅ።

ቤት ውስጥ፦ ውጪ ያለው ሽንት ቤት ለአሁን ይረሳ። ጠንካራ የእንጨት ወንበር መሐሉን ቆርጣችሁ ከሥሩ ባልዲ፤ ቁመቱ ሲቀመጡ ጉልበታቸው ከዳሌያቸው ከፍ እንዳይል። በርጩማ አይሆንም። ምንጣፉን አንሡ፣ ከአልጋ እስከ ወንበር ያለው መንገድ ሌሊትም ብርሃን ይኑረው። ፊዚዮቴራፒስቱ ካለው በላይም በታችም አታስኬዷቸው።

ከሆስፒታል የወጡበት የመጀመሪያው ሳምንት ነው ጠያቂ የሚጠፋው፤ «ዳኑ» ይባላል። ተራው እስኪራመዱ ድረስ አይቋረጥ፣ ቢያንስ ጠዋትና ማታ አንድ ሰው ይግባ። ከግንቦት 1983ቱ የሰለሞን ዘመቻ በፊት ወገኖቻችን አዲስ አበባ በየኪራይ ቤቱ ሲጠባበቁ ጆይንት የተባለው የአይሁድ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ ከፍቶ ነበር፤ ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ሠራተኞችም ቤት ለቤት እየሄዱ በሽተኛ ይፈልጉ ነበር፣ ክሊኒኩን የማይደርሱት ብዙ ነበሩና። እናንተም ሌሎቹን ብቻቸውን ያሉ አዛውንቶች ሳይታመሙ መዝግቡ፤ ስም፣ የሚወስዱት መድኃኒት፣ ቁልፉ ያለበት ጎረቤት፣ እስራኤል ያለው ልጅ ስልክ። የሕክምና ወረቀታቸውን ፎቶ አንሥታችሁ ለልጆቻቸው ከመላካችሁ በፊት ግን ራሳቸውን አስፈቅዱ። የቤተሰብ ግሩፕ ላይ አትልቀቁት፣ ለአንዱ ልጅ ብቻ በቀጥታ ላኩ።

ላይ ቀጨኔ

ወንበሩን የሚቆርጥ አናጺ ሰፈር ውስጥ አለ፣ ነገ እናነጋግረዋለን። ሲስተር፣ በክብደት ስለተሳበው እግር ያልሽውን ለሁሉም ተረኞች ልከነዋል፤ ለዛሬ ሌሊት የምትገባው እህት አንሶላውን ይዛ ትሄዳለች።