ስም የሌለው የሸክላ ማጫወቻ ገዛሁ፤ ምን ይሆን? እንዴትስ ላስነሳው?

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ሲና ቤት የሚለቅ ቤተሰብ ዕቃውን ሲሸጥ አንድ አሮጌ የሸክላ ማጫወቻ አየሁ። ማለፍ አልቻልኩም፤ ገዛሁት። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። ስሙ የነበረበት ቦታ ተነቅሎ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ሥሩ ላይ ያለችው ቆርቆሮም «ሜድ ኢን ስዊዘርላንድ» ከሚለው በቀር ሁሉም ተፍቆባታል። ሻጮቹ የአባታቸው እንደነበረ እንጂ ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ሳህኑ ከባድ ነው፤ በሁለት እጄ ነው ያነሳሁት። ከሥሩ ጠርዟ ጎማ የለበሰ ቀጭን መንኮራኩር አለች። የገረመኝ አቋቋሟ ነው። እንደ ብስክሌት ጎማ ቀጥ ብላ ቆማ የሳህኑን ሆድ ከታች ትነካለች። ሞተሩ በጎኑ ተጋድሟል። የሚሽከረከረው ዘንግ አንዱ ጫፉ ወፈር፣ ሌላው ቀጠን ይላል። ፍጥነት መምረጫው የሚንሸራተት ማንሻ ነው። 16፣ 33፣ 45፣ 78 የሚሉ ቁጥሮች አሉት፤ በቁጥሮቹ መሃልም የትም ማቆም ይቻላል።

ክንዱ ታሟል። ጫፉን ይዤ ቀስ ብዬ ሳነቃንቀው ሥሩ ላይ ይላወሳል፤ ከመጋጠሚያው ጥቁር ፍርፋሪ ይረግፋል። የመብራቱ ስፒና ተቆርጧል። የድምፁ ገመድ ጫፍ ደግሞ ክብ ሆኖ አምስት እግር አለው፤ የኔ አምፕሊፋየር ቀይና ነጭ ቀዳዳ ነው ያለው። ጎረቤቴ «ስፒና ግጠሚና ሰኪው» ይለኛል። እኔ ግን እስካሁን አልሰካሁትም።

የምጨነቀው ለማሽኑ ብቻ አይደለም። የአጎቴ ሸክላዎች እኔ ጋ ናቸው። አብዛኞቹ ባለ 45 ትንንሾቹ ናቸው፤ አምሃ ሬከርድስ፣ ካይፋ፣ ፊሊፕስ የሚል አለባቸው። ዘፈኖቹን ያደግኩት በካሴት እየሰማኋቸው ነው። አሁን ከራሱ ከሸክላው መስማት እፈልጋለሁ። አንዱ ቢበላሽብኝ ከየት አመጣዋለሁ?

ሰንበቴ ነኝ

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ! ስዊዘርላንድ ከሆነና ሳህኑ ከባድ ከሆነ ቶረንስ ነው። ቲዲ 124 ይመስለኛል። ውድ ዕቃ ነው፤ እንዳትሸጪው።

የቴፕ ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

ልጄ፣ ያገኘሽው ሌንኮ ነው። ወንድማችን ያለው ቶረንስም የስዊዘርላንድ ነው፤ ከባድ ሳህንም አለው። ግን ቲዲ 124 ውስጥ ሞተሩ መጀመሪያ ቀበቶ ያዞራል። ከዚያ በኋላ ጎማዋ ተኝታ የሳህኑን ጠርዝ ከውስጥ በኩል ትገፋለች። ጋራርድና ዱዋልም ጎማቸው የተኛች ናት። ቆማ የሳህኑን ሆድ የምትነካ ጎማ፣ የተጋደመ ሞተርና እየቀጠነ የሚሄድ ዘንግ አንድ ላይ ካየሽ ሌንኮ ነው። ስሙ መነቀሉ ምንም አያግድም።

ሞዴሉን እንለየው። ሸክላው ሲያልቅ ክንዱ ራሱ ከተነሳ ኤል 78 ነው። ካልተነሳ፣ ሳህኑም ወደ 4 ኪሎ ከሆነ፣ ኤል 75 ነው እላለሁ። ኤል 75 ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሸጠ ነው። እንግሊዝ አገር ጎልድሪንግ ሌንኮ ጂኤል 75 እየተባለም ተሸጧል።

ያ ጥቁር ፍርፋሪ ደግሞ ምስክር ነው። የዚህ ማሽን ክንድ የሚያርፈው በሁለት የስለት ጫፎች ላይ ነው። ስለቶቹ የሚቀመጡባቸው ሁለት ትንንሽ የጎማ መደገፊያዎች አሉ፤ መሃላቸው እንደ ሸለቆ የተቦረቦረ። ዕድሜ ሲገፋ ይደርቃሉ፣ ከዚያ ይፈረፈራሉ። ያየሁት ሌንኮ ሁሉ በዚህ ነው የታመመው። ስለቱ መቀመጫ ሲያጣ ክንዱ ይላወሳል፣ መርፌው ዘንበል ይላል፣ አንዱ ጎን ይደክማል። አዲስ መደገፊያ ከውጭ ማስመጣት ይቻላል። ካልሆነም ደብረ ብርሃን ቶርኖ ቤት አይጠፋም። የተረፈውን አሮጌውን ይዘሽ ሂጂና በናይለን ወይም በነሐስ ያውጡልሽ። ቁመቱ ከድሮው እኩል መሆን አለበት። ስትፈቺ ደግሞ ክንዱን በጉልበት አትሳቢ፤ ውስጡ ያሉት አራት ሽቦዎች እንደ ፀጉር ቀጭን ናቸው።

ጎረቤትሽን አመስግኚውና እንዳትሰኪው። መጀመሪያ ሞተሩ ለስንት ቮልት እንደታሰረ ይታይ። የሌንኮ ሞተር ሁለት ጥቅል ሽቦ አለው። ለ220 ሲሆን በተከታታይ፣ ለ110 ሲሆን ጎን ለጎን ይታሰራሉ። ለ110 የታሰረውን 220 ላይ ብትሰኪው ሞተሩ ተቃጠለ ማለት ነው። ቴስተር ያለው ባለሙያ ቶሎ ያየዋል። በዚያው ማብሪያው ላይ ያለችውን አሮጌ ካፓሲተር ይቀይርልሽ፤ በዚህ ዕድሜ አትታመንም። አዲሷ በቀጥታ መብራት ላይ እንድትውል የተሠራች ዓይነት ትሁን።

ጎማዋን ጥፍርሽን ሰካ አድርገሽ ፈትሺያት። ለስላሳ ከሆነችና ካልተሰነጠቀች ደህና ናት። እሷንም፣ የሳህኑን ሆድም፣ ዘንጉንም ከፋርማሲ በሚገዛ አልኮል ጥረጊ። አደራ፣ አረቄ እንዳትጠቀሚ። የደብረ ብርሃን አረቄ ዝነኛ ነው፣ ግን ውሃም ሌላም ነገር አለበት፤ ጎማዋን ያንሸራትታታል። ማሽኑ ሲጠፋ ጎማዋ ከሳህኑ መላቀቋንም አረጋግጪ። ተጭና ካደረች ጠፍጣፋ ታወጣለች፤ ከዚያ በዞረች ቁጥር ዱብ ዱብ ትላለች።

የመንዝ ልጅ (መሐል ሜዳ)

ጋሼ፣ ከቮልቱ ሌላ ሄርዙም (መብራቱ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር፤ የሞተሩ ፍጥነት በእሱ ነው) አለ እኮ። እኔ ከአሜሪካ የመጣ ዱዋል አለኝ። ትራንስፎርመር ገዝቼ ቮልቱን አስተካከልኩ፤ ዘፋኙ ግን እንቅልፍ የያዘው ይመስል ነበር። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ነው፣ የኛ 50። ትራንስፎርመር ሄርዝ አይቀይርም። 33 መዞር የነበረበት 28 እንኳን አይሞላም። ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው መዘውር ለ50 ሄርዝ በተሠራችው እስክትቀየር ድረስ አልተስተካከለም። እህታችን ይህንንም ታጣራ።

የቴፕ ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

እውነትህን ነው። ለዱዋል፣ ለጋራርድ፣ ለሌሎቹም ይኸው ነው። ሌንኮን የምወደው እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ጎማዋ ወፍራሙ ላይ ስትቆም ሳህኑ ይፈጥናል፣ ቀጭኑ ላይ ስትቆም ይዘገያል። ማንሻውን ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው። 50 ሆነ 60 መዘውር መቀየር አያስፈልግም።

ለመለካት ሳህኑ ላይ ምልክት የተደረገበት ወረቀት ለጥፊና በስልክሽ ሰዓት ቁጠሪ። 33 ላይ በ3 ደቂቃ 100 ዙር፣ 45 ላይ በ1 ደቂቃ 45 ዙር መሙላት አለበት። ከተስተካከለ በኋላ ማንሻው ቁጥሩ ላይ የሚይዝባትን ጥርስ ብሎኗን ላላ አድርገሽ እዚያው እሰሪያት።

የጠባሴዋ (ደብረ ብርሃን)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የመንዝ ልጅ፣ አንተንም አመሰግናለሁ።

ለ220 የታሰረ ሆኖ ተገኘ። መደገፊያዎቹን ቶርኖ ቤት በናይለን አወጡልኝ፤ ክንዱ አሁን አይላወስም። ክንዱ ራሱ ስለማይነሳ ኤል 75 ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጠዋት ሳበራው ይዘገያል። ቆይቶ ራሱ ይስተካከላል። ከሰዓት በኋላ ሳበራው ደግሞ ከመጀመሪያው ደህና ነው። እስካሁን ሸክላ አላስቀመጥኩበትም፤ ወረቀት ለጥፌ ነው የምቆጥረው። መርፌውንም ምን ላድርገው?

የቴፕ ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

ቅዝቃዜው ነው ልጄ። ደብረ ብርሃን ከ2800 ሜትር በላይ ናት። እኛ ቆላ ያለነው ይህን ብዙ አናየውም፤ እናንተ ጋ ግን ጠዋት ውስጡ ያለው አሮጌ ዘይትና ግሪስ ይጠጥራል። ሲሞቅ ይፈታል። ሳህኑን ወደ ላይ አንሺው፤ መሃሉ ያለውን ዘንግና የሚገባበትን ጉድጓድ በጨርቅና በአልኮል አጽጂ። ከታች የብረት ኳስ ካለች እንዳትጠፋብሽ። ከዚያ ንጹሕ የማሽን ዘይት ጥቂት ጠብታ። የሞተሩ ሁለት ጫፎችም ጠብታ ይፈልጋሉ፤ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃል። ጎማዋ ላይ ግን አንዲት ጠብታ እንዳትደርስ።

መርፌው ላይ አልደራደርም። ማን፣ ስንት ዓመት እንደተጠቀመበት የማይታወቅ መርፌ የአጎትሽ ሸክላ ላይ አይቀመጥ። ያለቀ መርፌ ጠርዝ አውጥቶ የሸክላውን መስመር ይፍቀዋል፤ የተፋቀው አይመለስም። ሹር የሚባለው ኩባንያ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ የምትታሰረውን፣ መርፌው የሚሰካባትን ዕቃ) መሥራት አቁሟል፤ ስለዚህ የሹር ነው ብለው ለሚሸጡልሽ ጠንቀቅ በይ። እኔ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም 95 ኢ እመርጣለሁ። ውጭ የሚኖር ዘመድ ካለሽ አስልኪ። ሽቦዎቹን በቀለማቸው አገናኚ፦ ነጭ የግራ፣ ሰማያዊ የግራ መልስ፣ ቀይ የቀኝ፣ አረንጓዴ የቀኝ መልስ።

ክንዱን ስታስተካክዪ መጀመሪያ ማሽኑን በውሃ ልክ ቀጥ አድርጊው። ከዚያ ትንሿን ተንሸራታች ክብደት ዜሮ ላይ አድርገሽ፣ የኋላውን ትልቁን ክብደት እያዞርሽ ክንዱን አየር ላይ አንሳፍፊው። ሳይወድቅም ሳይነሳም ሲቆም ሚዛን ያዘ ማለት ነው። አሁን ትንሿን ክብደት ወደ 2 ግራም ግፊያት። ለዚህ ካርትሪጅ ልኩ 2 ነው፤ ከ1.8 እስከ 2.2 ይፈቀዳል። የድሮ ማሽን ቁጥር ሁልጊዜ አይታመንም። ስለዚህ ማሽኑን ይዘሽ ወርቅ ቤት ሂጂና ሚዛናቸውን ለምኚ። የወርቅ ሚዛን ይህን በደንብ ይለካል። መርፌው የሚያርፍበት ከፍታ ከሸክላው ጋር እኩል እንዲሆን የሚዛኑን ቁመት አስተካክዪ። ብዙ ሰው ቀላል ግፊት ሸክላ ያድናል ብሎ ያስባል። አያድንም። የቀለለ መርፌ እየዘለለ መስመሩን ይመታዋል።

አምስት እግር ያለውን ገመድ ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይር ገመድ አለ፤ መርካቶ ምናለሽ ተራም ፈልጊ። ግን አምፕሊፋየርሽ ላይ «ፎኖ» የሚል መግቢያ ከሌለ ፎኖ ፕሪአምፕ ለብቻው ያስፈልግሻል። ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ነው። ፕሪአምፑ ያጎላዋል፣ መልሶም ያመጣጥነዋል። ያለ እሱ ድምፁ ቀጭንና ሩቅ ይሆንና ካርትሪጁ የተበላሸ ይመስልሻል። «እምምም» የሚል ድምፅ ከሰማሽ ከማሽኑ ብረት አንድ ሽቦ ወደ አምፕሊፋየሩ ወይም ወደ ፕሪአምፑ አካል እሰሪ።

ሰንበቴ ነኝ

ጋሼ፣ ቶረንስ ማለቴን ትቻለሁ። አንድ ልጠይቅ። እኔ ጋ ያሉት አንዳንድ 45ቶች መሃላቸው ሰፊ ቀዳዳ ነው። ወፍራምና ከባድ የሆኑ የድሮ 78ቶችም አሉ። በዚሁ መርፌ ይሄዳሉ?

የቴፕ ጠጋኙ (ሸዋ ሮቢት)

ሰፊው ቀዳዳ 38 ሚሊ ነው፤ መሃሉ የሚገባ የፕላስቲክ መሙያ አለ። ቶርኖ ቤትም ይሠሩልሃል። ዋናው መሃሉን በትክክል መያዙ ነው፤ ትንሽ ከሳተ ድምፁ እየወጣ እየወረደ ይዋዥቃል።

78ቱን በዚህ መርፌ እንዳትሞክር። መስመራቸው በጣም ሰፊ ነው፤ ቀጭኑ መርፌ ከሥር ወርዶ ቆሻሻውን ነው የሚያነበው። መርፌውም ይጎዳል። ለቪኤም 95 ካርትሪጅ ለ78 የተሠራ ለብቻው መርፌ ይሸጣል። የቀድሞውን ወደ ፊት ስበህ ታወጣና ያንን ትሰካለህ፤ ካርትሪጁን መፍታት አያስፈልግም። ግፊቱን ግን ከመርፌው ጋር በሚመጣው ወረቀት መሠረት እንደገና አስተካክል።