ገብስና ስንዴ ደባልቀን ስንዘራ ስንዴው ለምን ይጠፋል? (ዳባት)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሩብ ሔክታር ላይ ገብስና ስንዴ እኩል በእኩል ተደባልቆ በብተና ይዘራል፤ ዘሩ በየዓመቱ ከዚያው ምርት ይቀመጣል። ከሦስት ምርት በኋላ ስንዴው ሩብ አይሞላም። መሬቱ ስንዴ ጠልቶ ነው? ድብልቁን ሳልተው እንዴት ላስተካክለው?

ዘር አባዢ፦ መሬቱ ላይ አይፍረዱ። ገብስ ቀድሞ ይበቅላል፣ ከሥሩም ብዙ ስለሚያቆጠቁጥ ስንዴውን ጥላ ውስጥ ይከተዋል። አንዱ የገብስ ዘር ከስንዴው አንድ ተኩል እጥፍ ፍሬ ቢሰጥ፣ የስንዴው ድርሻ ከ50 ተነሥቶ 40፣ ከዚያ 31፣ ከዚያ 23 በመቶ ይሆናል። የእርስዎ ልክ ይኸው ነው።

ስለዚህ ከድብልቁ ዘር አይያዙ። ስንዴውን 10 በ20 ሜትር፣ ገብሱን 10 በ10 መደብ ላይ ለየብቻ ያብዙ፤ ከሔክታር 15 ኩንታል በሚሰጥ መሬት 30 ኪሎ ስንዴና 15 ኪሎ ገብስ ይወጣዋል። ሁለቱም ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ የአበባ መዳቀል ብዙም አያሳስብም። ዘር የሚያበላሸው አውድማና ጆንያ ነው፤ ጠርገው ለየብቻ ይውቁ። በመዝሪያው ዕለት 22 ኪሎ ተኩል ስንዴና 15 ኪሎ ገብስ ይቀላቅሉ፤ ምርቱ ወደ እኩል ይጠጋል።

ወገሬው፦ በልኩ እስማማለሁ፤ ግን እኩል መሆን ለምን አስፈለገ? ትግራይና ኤርትራ ሐንፈጽ በሚሉት ድብልቅ ገብሱ ቢበዛ ማንም አይደነግጥም። ዝናብ ቀድሞ ሲቆም ገብሱ ያወጣል፣ ውኃ ሲተኛበት ደግሞ ስንዴው ይሻላል።

ዘር አባዢ፦ ልክ ነው፤ ግን በድብልቅ ያሸነፈ ሁሉ ምርታማ አይደለም። ረጅምና ብዙ የሚያቆጠቁጥ ዝርያ ጎረቤቱን ይጫናል፤ ለብቻው ሲዘራ ግን ከተሸናፊው ያነሰ ሊሰጥ ይችላል። ለማወቅ ለየብቻ የተዘሩትን መደቦች ይመዝኑ። የድብልቁን ገብስ ለብቻው በተዘራው ገብስ፣ ስንዴውንም እንዲሁ ያካፍሉና ይደምሩ (ሁሉም በእኩል ስፋት ልክ)። ከ1 ከበለጠ ድብልቁ አትርፏል።

የሰብል ጥበቃ፦ ስለ ዋግ፣ ቅጠልና ግንድ ስለሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ ልጨምር። የስንዴ ቢጫ ዋግ በአብዛኛው ገብስ ላይ ስለማይራባ በመካከል ያለው ገብስ የበሽታውን ብናኝ ይቀንሳል። አንድ ዝርያ ብቻ ማመን ምን እንደሚያስከትል ዲጋሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ አሳይቷል፤ ቢጫ ዋግን ስለቻለ ተስፋፋ፣ በ2006 ዓ.ም. የግንድ ዋግ ደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ላይ ጨረሰው። ሁለት የስንዴ ዝርያ የምትቀላቅሉ ግን የመድረሻ ቀኑን እዩ፤ ቀቀባ ቀድሞ ደርሶ ዳንደአን ሲጠብቅ ይረግፋል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ለሣር አረም ፓላስ የተባለውን ፀረ አረም ልርጭ?

የሰብል ጥበቃ፦ በፍጹም! ፓላስ ለስንዴ ነው፣ ገብሱን ይጎዳዋል። ቅጠለ ሰፊውን አረም ቱ ፎር ዲ በተባለው ፀረ አረም ይያዙ፣ ሣሩን በእጅ። ዩሪያውንም ሲዘሩ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ይስጡ፣ ቀሪውን ሲያቆጠቁጥ፤ መጀመሪያ ላይ ከበዛ ገብሱ ነው የሚበላው።

ወገሬው፦ ለብቅል ፋብሪካ የሚሸጥ ካለ ገብሱን ለብቻው ይዝራ፤ ስንዴ የገባበትን አይቀበሉም።