አዲስ ላፕቶፕ እየጋለ ድርግም ይልብኛል፣ ነገ ጠዋት ድሮዊንግ አስረክባለሁ!

መስመር የበዛበት
ሰላም ወገን፣ አስቸኳይ ነው። አዲስ ላፕቶፕ ነው የገዛሁት። ሥራ ላይ እያለሁ ይግልና ድርግም ይላል። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ። ዛሬ ከሰዓት የሠራሁት በሙሉ ሄደ። ነገ 3 ሰዓት ላይ የጂ+2 ቤት ድሮዊንግ አስረክባለሁ። ያለሁት ኮዬ ፈጬ ነው፤ በዚህ ሰዓት ታክሲ ይዤ መሃል ከተማ ብገባም ሱቆቹ ዘግተዋል። ምን ላድርግ?

ለምን እንዴት
ሞዴሉ ምንድን ነው?

መስመር የበዛበት
ጥቁር ነው። 16 ራም። ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ለጌም የሚሆነው ዓይነት።

ቡና ጠጡ
ጥቁር ከሆነማ ታወቀ። ፀሐይ ስቦ ነው፣ ሃሃሃ።

ፋን ክለብ
ቴርማል ፔስቱ፣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ የሚያወጣው ቅባት፣ ደርቋል። አስቀይረው፣ ያልቃል።

ጡረተኛ ኤሌክትሪሻን
ልጄ፣ የዛሬ ልጆች ዕቃ ትገዛላችሁ እንጂ የሚሰካበትን አታዩም። መስመራችን 220 ቮልት ነው ይባላል። ማታ ኮንዶሚኒየሙ ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ስንት እንደሚሆን ግን በቮልትሜትር ለካው። አምፖሉ ደብዘዝ ሲል አላየህም? መጀመሪያ ስታቢላይዘር ግዛ። ፍሪጅም፣ ቴሌቪዥንም፣ ላፕቶፕም ያለ ስታቢላይዘር አይሰካም። ደግሞ ዕቃ የሚያቃጥለው መብራት ሄዶ ሲመለስ ያለው ግፊት ነው። ሲሄድ ንቀል። ሲመጣ ረጋ እስኪል ጠብቀህ ሰካ። ይህን ስናገር ሰሚ አላገኘሁም።

መስመር የበዛበት
እሺ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን በዚህ ማታ ስታቢላይዘር ከየት አመጣለሁ?

ለምን እንዴት
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የላፕቶፕ ቻርጀር ጀርባውን ያንብቡት። ኢንፑት ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። መስመሩ ቢዳከምም ይሠራል። ለፍሪጁ ያሉት ልክ ነው። ሲሄድ ንቀል ያሉትንም እኔ ራሴ አደርገዋለሁ። ላፕቶፕ ግን ስታቢላይዘር ግድ አይለውም።

አንተ ደግሞ፣ ሙቀት ነው የሚያጠፋው ብለህ በምን ደመደምክ? ስለጋለ ነው የጠፋው ያለህ ማን ነው? ፕሮሰሰር ሲግል መጀመሪያ ራሱን ያዘገያል። ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ እሱም አልበቃ ሲለው ነው ራሱን የሚያጠፋው። ከመጥፋቱ በፊት መንቀራፈፍ አለ ወይስ ደህና እየሠራ ነው ድርግም የሚለው?

መስመር የበዛበት
ወንድሜ፣ እጄን እያቃጠለኝ ነው የምልህ! ሙቀት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ደህና እየሠራ ነው ድርግም የሚለው፣ ግን ይግላል።

ደመና በታች
ከፍታውን ረሳችሁት። ቦሌ ኤርፖርት እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ፋኑ የቱንም ያህል ቢሽከረከር የሚገፋው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለዚህ ነው ዱባይ ላይ ተሞክሮ ደህና የነበረው እዚህ የሚግለው።

ቡና ጠጡ
የባሕር ዳር ሰው ሆይ፣ ባሕር ዳርቻ ሲባል አንተን አይደለም።

ለምን እንዴት
@ደመና በታች የዱባይን ሙቀትስ የት ጣልከው? እዚህ ማታ ብርድ ነው። ከፍታው ትንሽ ይጎዳል፣ እሺ። ግን ላፕቶፕ የሚያጠፋው እሱ ቢሆን አዲስ አበባ ውስጥ አንድም ላፕቶፕ አይበራም ነበር።

ፋን ክለብ
ፔስት ነው ብያለሁ። የእኔም እንደዛ ነበር፣ ተቀየረ፣ ዳነ።

ካቻቢቴ
ያንተ ስንት ዓመት የሠራ ነበር? ፔስት ሲቆይ ነው የሚደርቀው። ይሄ አዲስ ነው እየተባለ ነው። ደግሞ አዲስ ዕቃ ከፈትክ ማለት ዋራንቲውን ሸኘህ ማለት ነው። የሸጠው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ብሎን ተነክቷል ወይ የሚለውን ነው።

ጠያቂው፣ ቶሎ ቶሎ መልስልኝ። የት ላይ አስቀምጠህ ነው የምትሠራው? ሥሩ ላይ የተለጠፈ ነገር አለ? ተሰክቶ ነው የሚጠፋው ወይስ በባትሪ? ቻርጀሩ ላይ “አውትፑት” ከሚለው ጎን ያሉትን ቁጥሮች ጻፍልኝ። ሲጠፋ ምን ላይ ነበርክ?

መስመር የበዛበት
አልጋ ላይ ነው፣ ጠረጴዛ ገና አልገዛሁም። ሥሩ ላይ ስቲከር አለ፣ እንዳይጫጫር ሱቅ ውስጥ ለጥፈውልኛል፣ ያምራል። ተሰክቶ ነው የሚጠፋው። ሉሚዮን ላይ ሬንደር ሳደርግ (ቤቱን እንደ ፎቶ ሳወጣው) ይብሳል፣ ድሮዊንግ የምሠራበትን አውቶካድ ብቻ ስከፍት ይቆያል። ቻርጀሩ 19.5 ቮልት፣ 3.33 አምፔር ይላል። የራሱ ቻርጀር ሶኬቱ የእኛን ስለማይገጥም የሸጠልኝ ልጅ ሌላ ቀየረልኝ። ደግሞ ሲከፈት ስለ ቻርጀር የሆነ ጽሑፍ ያመጣል፣ ኢንተር ስለው ያልፋል።

ለምን እንዴት
ይሄን ሁሉ ይዘህ ነው “ጥቁር ነው” ያልከን?

ካቻቢቴ
19.5ን በ3.33 አባዛው፣ 65 ዋት ይመጣል። ለቢሮ ላፕቶፕ ደህና ነው። ግራፊክስ ካርድ ያለው ጌሚንግ ላፕቶፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ 135፣ 150፣ አንዳንዱ 200 ዋትም ይፈልጋል። ሬንደር ስታደርግ ቻርጀሩ ያልደረሰበትን ከባትሪው ይበላል። ተሰክቶም ፐርሰንቱ ይወርዳል፣ ልብ ብለህ እየው። ባትሪው መሸፈን ሲያቅተው ድርግም። ኢንተር የምትለው ጽሑፍም ቻርጀሩ ያንሳል እያለህ ሳይሆን አይቀርም። ነገ በደንብ አንብበው።

ሶኬቱ ስላልገጠመ ቻርጀር መቀየር ደግሞ ከየት የመጣ ነው? ከግድግዳው እስከ ጥቁሩ ሳጥን ያለው ገመድ እኮ ይነቀላል። እሱን ብቻ መቀየር ነበር፣ ርካሽ ነው። ሄደህ የራሱን ቻርጀር መልስልኝ በለው። ትልቅና ከባድ ነው፣ ስታየው ታውቀዋለህ።

ሙቀቱ ሌላ ጉዳይ ነው። አልጋና ስቲከር አየር ማስገቢያውን ደፍነውታል። የዛሬ ማታውን ግን እንዲህ አድርግ። ሉሚዮንን ዝጋው፣ ሬንደሩ ይቅር፣ ድሮዊንጉን ጨርስ። መጀመሪያ ላፕቶፑን አጥፍተህ ባትሪውን ሙላ። ከአልጋው አውርደው። ጠረጴዛ ከሌለ ትሪም፣ ጣውላም ይሆናል። ኋላ ኋላውን ቆርኪ አስገብተህ ከፍ አድርገው። ቀዳዳዎቹ ላይ ያለውን ስቲከር ላጠው፣ ማማሩ ይቅርብህ። ከዚያ የዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ “ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት” የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርድ። ቱርቦው፣ ማለትም ተጨማሪ ፍጥነቱ፣ ይቆማል፣ ትንሽ ይዘገያል፣ ሙቀቱም የሚበላው ኃይልም ይቀንሳል። አውቶካድ ላይ “ሴቭታይም” ብለህ ጻፍና 5 አድርገው። ካልነካኸው በየ10 ደቂቃው ነው ሴቭ የሚያደርገው።

ፋን ክለብ
ይሄ ሁሉ ከሚሆን ፔስቱን…

ቡና ጠጡ
ፔስቱን ዳቦ ላይ ቀባው በቃ።

ከኋላ ወንበር
የጠፋብህን ድሮዊንግ ፈልገኸዋል? አውቶካድ ድንገት ሲዘጋ አውቶሴቭ ፋይሉ አይጠፋም። ቴምፕ ፎልደር (ጊዜያዊ ፋይሎች የሚቀመጡበት) ውስጥ ግባና መጨረሻው ኤስ፣ ቪ እና የዶላር ምልክት የሆነውን ፈልግ። ኮፒ አድርገህ መጨረሻውን ወደ ዲደብሊውጂ ቀይረው፣ ይከፈታል። እኔ ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን ሳይት ፕላን በዚህ ነው ያዳንኩት። የሠራህበት ሪቪት የሚባለው ሶፍትዌር ከሆነ ደግሞ ከዋናው ፋይል ጎን ባክአፕ አለ፣ ስሙ ላይ 0001 የሚል ቁጥር ያለው።

መስመር የበዛበት
ኧረ! አገኘሁት! ሙሉው አይደለም፣ ግን አብዛኛው አለ። ተባረክ ወንድሜ። ስቲከሩን እየላጥኩ ነው። ካቻቢቴ ወንድሜ፣ አንተም ተባረክ።

ካቻቢቴ
እህትህ ነኝ። ሥራህን ጨርስ።

ለምን እንዴት
አንድ ነገር ልጨምር። ስትጨርስ ኢቨንት ቪወር (ዊንዶውስ የተፈጠረውን የሚመዘግብበት) ክፈት፣ ሲስተም የሚለው ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል ታገኛለህ። ብዙ ሰው ይሄን አይቶ ፓወሩ ተበላሸ ይላል። እንደዛ ማለት አይደለም። በሥርዓቱ ሳይዘጋ ጠፋ ነው የሚለው፣ ምክንያቱን አይነግርህም። የጠፋበትን ሰዓት ግን ይይዝልሃል። ሬንደር ካደረግክበት ሰዓት ጋር አስተያየው።

ደግሞ ባትሪ ሪፖርት አውጣና ሳይክል ካውንቱን፣ ባትሪው ስንት ጊዜ ሞልቶ እንዳለቀ፣ እይ። አዲስ ከሆነ ዜሮ አካባቢ ነው የሚሆነው። ብዙ ካለ “አዲስ” ያለህ ሰው ጋ ሌላ ወሬ አለህ። ቻርጀር ቀይሮ የሰጠ ሰው ሌላም ነገር ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ጡረተኛ ኤሌክትሪሻን
ቻርጀሩ 65 ዋት ነው አላችሁ። እኔ ያልኩት ምንድን ነው? የሚሰካበትን አታዩም ነው ያልኩት።

ለምን እንዴት
ልክ ነዎት ጋሼ። ስታቢላይዘሩ ይቅርና።

ደመና በታች
ድሮዊንጉ ተረከበ ወይ? አንድ ቃል በለን እንጂ።

ቡና ጠጡ
ያለው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጣራ ላይ ወጥቶ ይሆናል።

ለቡ ላይ
ሰላም ሁላችሁ። የእኔም አዲስ ነው፣ እሱም ይግላል፣ ግን አይጠፋም፣ ዝም ብሎ ይንቀራፈፋል። ቻርጀሩ የራሱ ነው፣ ስቲከርም የለውም። ምን ይሻላል?

ፋን ክለብ
ፔስት።

ካቻቢቴ
አትስማው። የት ላይ አስቀምጠህ ነው የምትሠራው?

ለቡ ላይ
ሶፋ ላይ።