እንግሊዞች ሕንድን ከመግዛታቸው በፊት ስለነበረው የባህል ልውውጥ የትኛውን ማስረጃ ላስተምር?

ጥያቄ፦ መምህር ከደሴ
የተከበራችሁ አባላት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼ እንግሊዞችና ሕንዳውያን ከቅኝ አገዛዝ በፊት ስለነበራቸው የባህል ልውውጥ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው። የማገኘው ጽሑፍ ሁሉ ፈጥኖ ወደ ቅኝ ግዛቱ ስለሚሻገር፣ ተማሪዎቹ አንዱ ከመጀመሪያው ገዢ፣ ሌላው ተገዢ የነበረ ይመስላቸዋል። ትምህርቱን ከየት ጀምሬ የት ላቁም? ልውውጡ ከሁለቱም ወገን እንደነበረ የሚያሳየውስ የትኛው ማስረጃ ነው?

መልስ፦ የታሪክ ወዳጅ
መምህር፣ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጥቀስ። የእንግሊዝ ነጋዴዎች ማኅበር የሆነው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ከንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ የንግድ ፈቃድ ያገኘው በ1600 መጨረሻ ስለሆነ ከዚያ ይጀምሩ። ብዙዎች ኩባንያው ቤንጋል የተባለውን የምሥራቅ ሕንድ ግዛት ለመቆጣጠር በር በከፈተለት በ1757ቱ የፕላሲ ጦርነት ያቆማሉ፤ እኔ ግን በ17ኛው መቶ ዘመን ብቻ እንዲወሰኑ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም በዚያ ዘመን ኃይሉ በማን እጅ እንደነበረ አያከራክርም። ኩባንያው በ1686 አብዛኛውን ሕንድ ይገዛ ከነበረው ከሙጋል ሥርወ መንግሥት ንጉሠ ነገሥት ከአውራንግዜብ ጋር ጦርነት ገጥሞ ተሸነፈ፤ በ1690 ይቅርታ ጠይቆና ካሳ ከፍሎ ነው ወደ ንግዱ የተመለሰው። ተማሪዎቹ ይህን አስቀድመው ካወቁ የቀረውን በትክክል ይረዱታል።

መልስ፦ የሥነ ጥበብ አስተማሪ
ማስረጃ ከፈለጉ ሥዕሎቹን ያስቀድሙ። የንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ አምባሳደር ሰር ቶማስ ሮ በ1615 ሱራት ወደብ ደርሶ፣ በማግሥቱ ዓመት መጀመሪያ አጅሜር ከተማ ላይ ከሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ከጃሃንጊር (የአውራንግዜብ አያት) ፊት ቀረበ። ሮ አንዲት ትንሽ የእንግሊዝ ሥዕል ቢያሳየው፣ ጃሃንጊር የእኔ ሠዓሊዎች ይህንኑ አስመስለው ይሠራሉ አለ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም አምስቱ ቅጂ የሆኑ ስድስት ሥዕሎች በሻማ ብርሃን ቀረቡለት። ሮ የራሱን ለመለየት እንደተቸገረ በማስታወሻው ጽፏል። ምስክርነቱን ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጠው በሠዓሊዎቹ የተበለጠው ሰው ራሱ መጻፉ ነው።

ሁለተኛው ቢቺትር የተባለው ሠዓሊ የሣለው፣ ዛሬ በዋሽንግተን ሙዚየም የሚገኘው ሥዕል ነው። ጃሃንጊር በአሸዋ ሰዓት ዙፋን ላይ ተቀምጦ ለአንድ የሱፊ ሼኽ መጽሐፍ ሲሰጥ ይታያል፤ ከሼኹ በታች የኦቶማን ሱልጣን፣ ከሱልጣኑም በታች ንጉሥ ጄምስ ቆሟል። የጄምስ መልክ ከእንግሊዝ ከመጣ ሥዕል የተቀዳ ነው። ሌላ ነገር ሳይናገሩ «የእንግሊዙ ንጉሥ የት ነው የቆመው?» ብለው ተማሪዎቹን ይጠይቁ።

መልስ፦ አንባቢ ከለንደን
የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ነገሩ በቤተ መንግሥት ብቻ እንዳይታጠር እሰጋለሁ። የኩባንያው መልእክተኛ ዊሊያም ሃውኪንስ በ1609 የጃሃንጊር ቤተ መንግሥት ወደነበረባት አግራ ሲደርስ ቱርክኛ ይችል ስለነበር ከጃሃንጊር ጋር ያለ አስተርጓሚ ይነጋገር ነበር፤ የ400 ፈረሰኛ አዛዥ የሚል የቤተ መንግሥት ማዕረግ ተሰጠው፤ በአመጋገቡም የሙስሊም መኳንንቱን ልማድ ተከተለ፤ ማርያም የተባለች አርመናዊት ክርስቲያንም አገባ። በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ አንድ የቤንጋል ልጅ ወደ ለንደን ተወስዶ በ1616 በዚያው ተጠመቀ፤ ጴጥሮስ የሚለውን ስም የመረጠለት ንጉሥ ጄምስ ነበር። እባክዎን ሁለቱን እኩል አድርገው አያቅርቡ፤ ሃውኪንስ በራሱ ፈቃድ የሄደ ጎልማሳ ሲሆን፣ ልጁ ግን ለስብከት እንዲሠለጥን በሌሎች ውሳኔ የተወሰደ ነው።

መልስ፦ የሸማኔ ልጅ
ጨርቁ ለምን ተረሳ? የእንግሊዝ ተራ ቤተሰብ ሕንድን ያወቀው በጥጥ ጨርቅ ነው። የለንደን ነጋዴዎች ለገዢዎቻቸው የሚስማማ ንድፍ ይልኩ ነበር፤ የሕንድ ባለሙያዎችም በራሳቸው እጅና ቀለም ስለሚሠሩት፣ ጨርቁ ላይ የሚወጣው አበባ የሁለቱም አገር ነበር። ገበያው እጅግ ከመስፋቱ የተነሣ የእንግሊዝ የሱፍና የሐር ሸማኔዎች ተቆጡ፤ ፓርላማውም በ1700 እና በ1721 በወጡ ሕጎች የሕንድን ቀለማም ጥጥ ከለከለ። የሕንድ ሸማኔ ሥራ ሕግ የሚያስወጣ ብርቱ ተፎካካሪ እንደነበረ ተማሪዎቹ ይወቁልኝ።

ጠያቂው፦ መምህር ከደሴ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሕንድ የጦር መሪ የነበረው ትውልደ ኢትዮጵያዊው ማሊክ አምባርም በዚሁ ዘመን ነበረ፤ ባነሣው ከርዕሴ ያስወጣኛል?

መልስ፦ የታሪክ ወዳጅ
በአጭሩ ከሆነ አያስወጣዎትም። ጃሃንጊር በ1616 ከአጅሜር ተነሥቶ ወደ ማንዱ የሄደው ማሊክ አምባር ሙጋሎችን ለሚዋጋበት ለደቡቡ የዴካን ምድር ለመቅረብ ሲሆን፣ አምባሳደሩ ቶማስ ሮ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ሰፈር ተከትሎ ተጓዘ። ጃሃንጊር የማሊክ አምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠርቷል፤ በእውን ግን እንዲህ ያለ ነገር አልሆነም። ይህን ሥዕል ከቢቺትር ሥዕል ጎን ቢያስቀምጡት፣ በዚያ ዘመን ንጉሠ ነገሥቱን እንቅልፍ የነሣው ማን እንደነበር ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመልሳሉ። ለአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለቱ ሥዕሎችና ጨርቁ ይበቃሉ፤ ሃውኪንስንና ልጁን የቤት ሥራ ያድርጓቸው።