«አለሁ» ለማለት የሚያስፈልገው ወረቀት፦ ውጭ ተቀምጦ የአገርን ጡረታ መቀበል

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመት ሆናት። አሁን ጓዟን ጠቅልላ እኛ ጋ ልትመጣ ነው። ጡረታዋ በየወሩ አገሯ ባለው ባንኳ ይገባላታል። አንዱ ዘመድ «ከአገር ከወጣሽ ይቆረጥብሻል» ይላታል። ሌላው ደግሞ «ዝም ብለሽ ሂጂ፣ ማን ያውቅብሻል» ይላታል። ግራ ገብቷት እንቅልፍ አጥታለች። የደረሰበት ሰው ካለ እባካችሁ ይንገረኝ።

መልስ

እህቴ፣ ሁለቱም ዘመዶች ተሳስተዋል። የባሰው ግን ሁለተኛው ነው። ብዙ ጊዜ ጡረታ የሚቋረጠው ሰው ከአገር ስለወጣ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ሰውየው የት እንዳለ፣ ከነጭራሹም ይኑር አይኑር ማወቅ ሲያቅተው ነው።

ይህን የተማርኩት በአባቴ ነው። እኔ ጋ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሰላም ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ ወር ጡረታው ሳይገባ ቀረ። ባንኩ አዘግይቶት ይሆናል ብለን ዝም አልን። በቀጣዩም ወር የለም። ስደውል፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ፋይሉን ከፈተችና «የሕይወት ማረጋገጫ ስላልቀረበ ታግዷል» አለችኝ። ደብዳቤው ሁለት ጊዜ ተልኮ ነበር። ሁለቱም የሄዱት ወደ ድሮው ቤት ነው። እኛ ደግሞ ቤቱን ከለቀቅን ቆይተናል። ለአባቴ ስነግረው መነጽሩን አውልቆ አየኝና «ታዲያ አለሁ አትያቸውም?» አለኝ።

በስልክ አለሁ ማለት አይቻልማ። ፎርሙ አንዲት ገጽ ናት። ስም፣ የልደት ቀን፣ የጡረታ ቁጥር፣ ፊርማ። ከታች ደግሞ ሰውየውን በአካል አይቻለሁ ብሎ የሚመሰክር ኃላፊ ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም ያሳርፋል። ቆንስላ ሄድን፣ ተሰለፍን፣ ተፈረመልን። በፈጣን መልእክት ላክነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። ማኅተሙ ላይ ቀን የለም! እንደገና ሄድን። አሁን ደግሞ ቀኑ አለ፣ የአባቴ ፊርማ ግን ፋይሉ ውስጥ ካለው ጋር አይመሳሰልም ተባለ። ፋይሉ ውስጥ ያለውን የፈረመው በጎልማሳነቱ ነው። ዛሬ እጁ ይንቀጠቀጣል። በሦስተኛው ዙር ከፊርማው አጠገብ የአውራ ጣቱን አሻራ ጨመርንበትና ተቀበሉን። የአምስት ወሩ ውዝፍ በአንድ ቀን ገባ።

ይህን ሁሉ የምተርክልሽ ለምን መሰለሽ? መብቱ ለአንድ ቀን እንኳን አልጠፋም ነበር። የጠፋው አድራሻው ነው።

ስለዚህ እናትሽ አውሮፕላን ከመሳፈሯ በፊት ጡረታ መሥሪያ ቤት ራሷ ሄዳ ውጭ ልትኖር መሆኑን በጽሑፍ ታሳውቅ። ማመልከቻው ገቢ የሆነበት ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይዛ ትውጣ። የሕይወት ማረጋገጫው በየስንት ጊዜው እንደሚፈለግ፣ ማን ሊፈርምበት እንደሚችል ትጠይቅ። ቆንስላ ብቻ ነው ወይስ ኖተሪ (ሰነድ አረጋጋጭ)፣ ሐኪም፣ ዳኛም ይበቃል? ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልሽ። ቆንስላው ስድስት ሰዓት በመኪና ሲርቅ የቤተሰብ ሐኪሙ ግን ሁለት ፌርማታ ላይ የሆነበት ሰው ያውቀዋል።

«ማን ያውቅብሻል» የሚለውን ምክር ደግሞ እርሺው። የመኖሪያ ለውጥን አለማሳወቅ በብዙ አገር ሕግ ጥፋት ነው። ያለአግባብ ተከፈለ የተባለው ገንዘብ ዓመታት ቆይቶም ቢሆን ከቀጣዩ ጡረታ ላይ ይቆረጣል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዘመድ ልምጣ። እሱም ከመሬት ተነስቶ አልተናገረም። ጡረታ የሚባለው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሠራተኛው ከደመወዙ መዋጮ እየተቆረጠበት፣ አሠሪውም እየጨመረበት የተገኘ ነው። ሌላው መንግሥት ለአረጋውያን ወይም ለችግረኞች ከግብር ላይ የሚሰጠው ነው። የመጀመሪያው አብዛኛውን ጊዜ ድንበር ይሻገራል። ሁለተኛው ግን ወይ ከአገር አይወጣም፣ ወይ ሲወጣ ቅድመ ሁኔታ አለው።

እዚህ የተሰባሰብነው ከየአቅጣጫው ስለሆነ የምታውቋቸውን አገሮች ልጥቀስ። ካናዳ ሁለቱም ዓይነት አላት። በመዋጮ የተገኘው የካናዳ ጡረታ ዕቅድ ሰውየው የትም ቢኖር ይከተለዋል። የእርጅና ዋስትና የሚባለው ግን፣ ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ ቢያንስ 20 ዓመት ካናዳ ውስጥ ላልኖረና የአገሮች ስምምነትም ላልሸፈነው ሰው፣ ከ6 ወር በላይ ውጭ ሲቆይ ይቆማል። አሜሪካም እንደዚሁ ናት። በሥራ የተገኘው ሶሻል ሴኪዩሪቲ ወደ አብዛኛው ዓለም ይላካል። ገቢ ለሌላቸው አረጋውያን የሚሰጠው ኤስኤስአይ ግን 30 ተከታታይ ቀን ከአገር ውጭ ከዋሉ ይቋረጣል። ስሙ ሳይሆን ምንጩ ነው የሚወስነው። የእናትሽ ከደመወዟ ሲቆረጥ የኖረ ከሆነ ትንሽ ተንፈሺ።

የሚላክ ጡረታ ሁሉ ደግሞ ያድጋል ማለት አይደለም። ይህን ብዙ ሰው የሚሰማው ዘግይቶ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ጡረታ በየዓመቱ ይጨመርበታል። ባለቤቱ ካናዳ፣ አውስትራሊያ ወይም ኒውዚላንድ ከሄደ ግን በሄደበት ጊዜ በነበረው መጠን ይቀራል፣ አይጨመርበትም። አሜሪካ ወይም የአውሮፓ ኅብረት አገር ከሄደ ይጨመርለታል። በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ ካለው ከናያጋራ ፏፏቴ ወዲህና ወዲያ ማዶ የሚኖሩ፣ እኩል የሠሩ ሁለት ጡረተኞች ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚደርሳቸው ገንዘብ ይለያያል። ምክንያቱ የአገሮቹ ስምምነት ነው፣ ሌላ የለም። እኔ በበኩሌ ይህን ፍትሕ ለማለት ይቸግረኛል። ሕጉ ግን ሕግ ነው። አውስትራሊያ ደግሞ ሌላ መንገድ ነው የያዘችው። የዕድሜ ጡረተኛው ከ26 ሳምንት በላይ ውጭ ከቆየ ብዙውን ጊዜ ክፍያው እዚያ በኖረባቸው የሥራ ዕድሜ ዓመታት ልክ ይሰላል። ሙሉውን የሚያገኘው 35 ዓመት የኖረ ነው።

በሁለት አገር የሠራችሁ ደግሞ አላችሁ። አንዱ ጋ ስድስት ዓመት፣ ሌላው ጋ አሥራ ሁለት። ስድስቱ ዓመት ለብቻው ለጡረታ አይበቃም ተብሎ ሜዳ ላይ ይቀራል ብላችሁ አትፍሩ፤ ከመፍራታችሁ በፊት በሁለቱ አገሮች መካከል የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት መኖሩን አጣሩ። ስምምነት ካለ የአገልግሎት ዘመኑ ይደመራል፣ እያንዳንዱ አገር የየድርሻውን ይከፍላል። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች እርስ በርስ የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። አሜሪካ ለራሷ ጡረታ ለመብቃት 40 ነጥብ፣ ማለትም 10 ዓመት ገደማ ሥራ ትጠይቃለች። የመጀመሪያው ስምምነቷ ከጣልያን ጋር ሲሆን በ1978 ነው ሥራ ላይ የዋለው። ዛሬ ስምምነቷ 30 ያህል አገሮች ደርሷል። ስምምነት ከሌለ ግን አጭሩ ዘመን ወይ ይባክናል፣ ወይ እንደየአገሩ ሕግ ዳረጎት (በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ) ተከፍሎበት ይዘጋል። ዳረጎቱን ለመውሰድ አትቸኩሉ። አንዴ ከተወሰደ ያ ዘመን ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይቆጠርም።

ስለ ግብር ረጅም መጻፍ አልፈልግም፣ እንደየሰዉ ይለያያልና። አንድ ነገር ብቻ። አንድ ገቢ በሁለት አገር እንዳይገበር አገሮች የሚፈራረሟቸው ብዙዎቹ የድርብ ግብር ስምምነቶች የግል ድርጅት ጡረታን ለሚኖሩበት አገር፣ የመንግሥት ሠራተኛን ጡረታ ደግሞ ለከፋዩ አገር ይተዋሉ። እናትሽ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች ወይስ የግል? ግብር አዋቂው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።

መልስ

እኔ የተቃጠልኩት በሲም ካርድ ነው። ባለቤቴ ጡረታው የሚገባበትን ሒሳብ ከዚህ ሆኖ በስልክ ያንቀሳቅስ ነበር። ባንኩ በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ የማረጋገጫ ቁጥር ወደ አገር ቤት ስልኩ ይልካል። ሲሙን መሳቢያ ውስጥ ጥለነው ወራት አለፉ። ካርድ ስላልተሞላበት ቁጥሩ ተዘጋ። ቀጥሎ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ገንዘባችንን በስክሪኑ ላይ እናየዋለን፣ መንካት ግን አንችልም። እናትሽ ከመምጣቷ በፊት የውጭ ስልክ ቁጥር ይመዘገብ እንደሆነ ባንኩን ትጠይቅ። ካልሆነ ሲሙ ይምጣ፣ በየወሩም ትንሽ ካርድ ይሞላበት።

መልስ

ልጄ፣ እኔ ራሴ ጡረተኛ ነኝ። ስለ ውክልና ማንም አላነሳም። ለታማኝ ሰው ውክልና መስጠት ጥሩ ነው። ነገር ግን ውክልናው በግልጽ «ጡረታ ለመቀበል፣ ከጡረታ መሥሪያ ቤት ጋር ለመጻጻፍ፣ የባንክ ሒሳብ ለማንቀሳቀስ» ይበል። «ማናቸውንም ጉዳይ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ይዞ የሄደው የወንድሜ ልጅ ከመስኮቱ ተመልሷል። ደግሞም ውክልና ያለው ሰው የሕይወት ማረጋገጫን በአንቺ ፈንታ መፈረም አይችልም። እሱን ባለቤቱ ብቻ ነው።

ሌላም አለ፤ ደስ የሚል ወሬ ባይሆንም ልናገረው። ወካዩ ሲሞት ውክልናውም አብሮ ይሞታል። ቤተሰብ በሐዘን ውስጥ ሆኖ ሳያሳውቅ ሁለት ሦስት ወር ጡረታው እየገባ፣ እየወጣም ይቆያል። በኋላ መልሱ ይባላል። ተተኪ የሆነች ሚስት ካለች ደግሞ የእሷ አበል በዚሁ ሰበብ ይጓተትባታል። እኔ ለባለቤቴ የጋብቻ ማስረጃችንን አስተርጉሜ፣ አስመስክሬ በአንድ ማኅደር አስቀምጬላታለሁ። ስሟ በፓስፖርቷና በጡረታ ፋይሌ ላይ በአንድ ፊደል ይለያይ ነበር። በሕይወት እያለሁ አስተካከልኩት። እኔ ከሌለሁ ማን ያስረዳላታል?

መልስ

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። በአሜሪካ ለሠራን ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። የሌላ አገር ጡረታ ስለምትቀበሉ ሶሻል ሴኪዩሪቲያችሁ ተቀንሶባችሁ የነበራችሁ፣ ያ ቅነሳ በ2025 መጀመሪያ በወጣ ሕግ ተሽሯል። ከጥር 2024 ጀምሮ ያለው ተሰልቶ እንዲከፈል ነው ሕጉ የሚለው። ሒሳባችሁን እዩ። «ስለሚቀነስብኝ» ብላችሁ ሳታመለክቱ የተዋችሁ ካላችሁም አሁን አመልክቱ።

ማረጋገጫውን በተመለከተ ነገሩ እየቀለለ ነው። ሕንድ ከ2014 ጀምሮ ጡረተኞቿ በአሻራና በዲጂታል መንገድ እንዲያረጋግጡ አድርጋለች። የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኞች የጡረታ ፈንድም በስልክ መተግበሪያ ፊት ለይቶ ያረጋግጣል። የእናትሽ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ከጀመረ ምዝገባውን እዚያው እያለች ትጨርስ። አንዳንዱ የመጀመሪያውን ምዝገባ በአካል ነው የሚፈልገው።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለእናቴ አንድ በአንድ አነበብኩላት። ሰኞ ጡረታ መሥሪያ ቤት ሄዳ ማመልከቻ አስገብታለች። ለመንግሥት ነው የሠራችው፣ መዋጮዋም ሲቆረጥ የኖረ ነው። ማረጋገጫው በዓመት አንዴ እንደሆነ፣ ኖተሪ ከፈረመበትም ቆንስላ ካረጋገጠው እንደሚበቃ ነገሯት። ውክልናውን ለታናሽ ወንድሜ ጋሼ እንዳሉት በዝርዝር አስጻፍን።

የማመልከቻውን ቅጂ ፎቶ አንስታ ላከችልኝ። አስፍቼ ሳየው ማኅተሙ ላይ ቀን የለውም። ነገ ተመልሳ ትሄዳለች።