ሌሊት የማይዘጋ ጋለጃንቴ፣ ምን ላድርገው?

እባካችሁ የቧንቧ ሥራ የሚገባችሁ ሰዎች፣ መላ በሉኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ሌሊት። በረንዳ ላይ ያለችው 500 ሊትር ሮቶ ስትሞላ ጋለጃንቴው (ኳሱ ሲንሳፈፍ ውሃውን የሚዘጋው መዝጊያ) አይዘጋም። ሞልቶ ይፈሳል፣ ያውም ከታች ያሉት እማማ ያሰጡት ልብስ ላይ። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታቸው ቀዝቀዝ ብሏል።

የሚገርመው፣ ቀን ከመጣ ችግር የለም። ኳሷ ተንሳፍፋ ስትወጣ ጭጭ ይላል። ሌሊት ግፊቱ ሲጨምር ግን ከአፉ ቀጭን ውሃ ሽር ይላል። ኳሷ የተያያዘችበትን ክንድ በእጄ ወደ ላይ ገፋ ሳደርገው ይቆማል፤ ስለቀው ይቀጥላል። ኳሷን ፈትቼ ጆሮዬ ሥር ነቀነቅኳት፣ ውስጧ ውሃ የለም። አፉን የሚደፍነውን ጎማም ቀይሬያለሁ። አሮጌው መሃሉ ላይ ክብ ጠባሳ ነበረው፣ ጥቁር አሸዋም ተጣብቆበታል። ከቧንቧው ጋር በሚጠመዘዝበት ጥርስ በኩል ጠብ አይልም፣ ስለዚህ ቴፍሎን (ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለውን ጥብጣብ) ጨምር አትበሉኝ።

ሱቅ ስጠይቅ አንዱ "የነሐስ ግዛ" ይላል፣ ሌላው "ሁሉም ያው ነው"። ቧንቧ ሠራተኛ ደወልኩ፣ "መንገድ ላይ ነኝ" እንዳለ ቀረ።

ከጋለጃንቴው በፊት መዝጊያ ገጥሜ ግማሹን ብዘጋው ይረዳል? ወይስ መፍሰሱ ሲቆም ግፊቱ ያው ይመለሳል? ሌላው ሐሳቤ ክንዱ ረዘም፣ ኳሱ ተለቅ ያለ መግዛት ነው። ሮቶዋ ጠባብ ስለሆነች ግን ግድግዳውን እንዳይነካ ፈራሁ። የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ፈረቃችን ሐሙስ ሌሊት ነው።